ዜኒት-ኢ ከወራት በኋላ፦ ሌንሱን እወደዋለሁ፣ የብርሃን መለኪያውን አላምነውም

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ዜኒት-ኢ የሚባለው አሮጌ የሶቪየት ፊልም ካሜራ ምቹ አይደለም። ከሌንሱ ጋር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፣ ግማሽ ቀን አንገት ላይ ከዋለ ማታ ትከሻ ያስይዛል፣ ሻተሩ (ፊልሙ ፊት ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ሲጮህ ደግሞ ካፌ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያችኋል። ቢሆንም አልሸጠውም። ምክንያቱ ከፊቱ ያለው ሌንስ ነው።

የገዛሁት በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምረው ከመጡ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ባትሪ አይበላም፤ ፊልም ብቻ አብላው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አንድም ባትሪ የለውም። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ የሚገኘው ፋብሪካ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ አምርቶታል። ስለዚህ «ብርቅ ዕቃ ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል። 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 (ኤፍ የብርሃን ቀዳዳው ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ንድፉ ካርል ዛይስ የና ይሠራው ከነበረው ቢዮታር የተቀዳ ነው። ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ሰው ስታነሱ፣ ከኋላ ቅጠል ካለ፣ ቅጠሉ በሰውየው ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስላል። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ያነሳኋትን ፎቶ እህቴ አይታ «ዛፉን ምን አዞረው?» አለችኝ። ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ከመታው ምስሉ ይገረጣል፤ ለእኔ ችግር አይደለም።

ችግሩ ቀትር ላይ ነው። የሻተሩ ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጪ ያለው «ቢ» ነው፣ ጣታችሁን እስክታነሱ ክፍት የሚቆየው። 400 ፊልም (ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ለብርሃን ይበልጥ ስሱ ነው) አጉርሳችሁት በበጋ ቀትር ከቤት ከወጣችሁ 1/500 እና ኤፍ 16 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ካሜራው መሄጃ የለውም። ኤፍ 2 ላይ መክፈት ስለማትችሉ የሚሽከረከረውን ቅጠል እርሱት። እኔ አሁን 100 ፊልም አስገብቼ ጥላ እፈልጋለሁ፣ ወይ አሥር ሰዓት ተኩል እስኪሆን ቡናዬን እየጠጣሁ እጠብቃለሁ።

ደግሞ በመመልከቻው የምታዩት ፊልሙ ላይ ከሚቀረጸው በጣም ያነሰ ነው። ቆርጬ አስወጣሁት ያላችሁት የታክሲ ረዳት ፎቶው ላይ ክንዱን ዘርግቶ ይመጣል። አፐርቸሩም (የብርሃን ቀዳዳው) በራሱ አይዘጋም። ከፍታችሁ ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ቀለበቱን በእጃችሁ ታዞራላችሁ፣ መመልከቻው ይጨልማል፣ ከዚያ ነው የምትጫኑት። የሚሮጥ ሕፃን በዚህ አይነሳም።

አሁን ወደ ብርሃን መለኪያው። የሴሌኒየም ነው፤ ከሚመታው ብርሃን ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሴሌኒየም ግን ያረጃል። ከስልኬ መለኪያ ጋር ሳስተያየው፣ የእኔው ጥላ ውስጥ አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ፣ አሳንሶ ያነባል። ይሄ እንኳ ብዙም አይጎዳም፤ ብርሃኑ ያነሰ ስለሚመስለው ጨምር ይላል፣ ነጌቲቭ ፊልም ደግሞ ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ የማይችለው ማነሱን ነው። የከፋው ሌላ ነው። መለኪያውን ነጠላ ያታልለዋል።

ጥምቀት ጃንሜዳ ስትሄዱ አስቡት፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያስብ «በዛ፣ ቀንስ» ይላችኋል። ከሰማችሁት ነጠላው አመድማ ሆኖ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ጠፍቶ ይወጣል። መላው ቀላል ነው፤ ወደ ሰውየው ፊት ተጠግታችሁ ለኩ፣ ቁጥሩን ያዙ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንሱ። የማታውቁት ሰው ፊት ላይ ካሜራ መደቀን ካሳፈራችሁ የራሳችሁን እጅ ጀርባ ለኩ። ሁለታችሁም አንድ ፀሐይ ላይ እስካላችሁ ድረስ ይሠራል።

ወጪው ካሜራው ላይ አይደለም፣ ፊልሙ ላይ ነው። እኔ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የማስመጣው። ለሰውየው አንድ ነገር አደራ በሉት፦ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገባው። በእጁ ይያዘው፣ አዲሶቹ የሲቲ (ጠንካራ ኤክስሬይ) መፈተሻ ማሽኖች ባሉበት ኤርፖርት ደግሞ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። እነዚያ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ።

የሚያጥብልኝ ፎቶ ቤት ፍለጋ ስለሰለቸኝ ጥቁርና ነጩን ቤት ነው የማጥበው። ዲ-76 የሚባለው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) የሚፈልገው 20 ዲግሪ ነው፤ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ከዚያ ብዙም ስለማይርቅ ትንሽ ሙቅ ጠብ ማድረግ ይበቃል። የቀለም ፊልም ኬሚካል 38 ዲግሪ አካባቢ ላይ ሳይወላወል መቆየት ስላለበት አልነካሁትም። ፊልሙን ብርሃን በማያስገባው የማጠቢያ ታንክ ውስጥ የማስገባው ማታ መታጠቢያ ቤት፣ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ደፍኜ ነው። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ የምደሰት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት የፊልም አምራቹ የኢልፎርድ የማጠቢያ ዘዴ ግልግል ነው። ከፊክሰሩ (ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል) በኋላ ታንኩን ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ 5 ጊዜ ትገለብጡና ትደፋላችሁ፤ እንደገና ሞልታችሁ 10፣ እንደገና 20። አለቀ። ለአንድ ፊልም አንድ ሊትር ገደማ ነው፣ ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የለም። የተረፈውን ዴቨሎፐር በባዶ ሃይላንድ፣ አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ አስቀምጣለሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ የተጠማ ሰው አይጠፋም።

ለመግዛት የምታስቡ፣ ኋላውን ክፈቱና የሻተሩ ጨርቅ እንዳልተበሳ እዩ፤ ከተበሳ ፊልማችሁ ይቃጠላል። በየፍጥነቱ ተኩሱት። ፍጥነቱን የምትቀይሩት የፊልሙን መጎተቻ ከጎተታችሁ በኋላ ነው። 1/30 እና 1/500 ድምፃቸው አንድ ከሆነ ተዉት። ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግራችሁ እዩ፣ ሻጋታ ካለበትም ተዉት። መለኪያው ቢሞት ግን አትደንግጡ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው።

እኔ አሁን የምፈልገው ሰፋ ያለ ሌንስ ነው፣ 28 ወይም 35፣ ኤም 42 በሚባለው ጥርስ ተሽከርክሮ የሚታሰር። ታኩማር የሚባሉት የፔንታክስ አሮጌ ሌንሶችም ስለሚገቡበት የግድ ሶቪየት መሆን የለበትም። ያለው ሰው ካለ ይጠቁመኝ።