ሾትገን፣ ሸክላ ወይስ የአየር ጠመንጃ? መሃል አዲስ አበባ የተኩስ ውድድር ለመጀመር ምን እንግዛ?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዤ ስዞር ከረምኩ። ፒያሳ ማኪያቶ ላይ፣ አራት ኪሎ ጂም ውስጥ፣ ለገሃር ምሳ ሰዓት ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። በእንቅስቃሴ ላይ የሚደረግ የሾትገን (ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን ጠመንጃ) ውድድር ብናዘጋጅ ትመጣላችሁ? ካሰብኩት በላይ ብዙ ሰው "እመጣለሁ" አለኝ። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ግን ሁሌም አንድ ነው። "እሺ፣ ምን እንግዛ?"

መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። በእጃችን ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ እኔ የቱን እንደምመርጥና ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ሕጉ። አገራችን ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም አይቻልም። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የሚመጣ ነው። የአየር ጠመንጃም ሆነ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ መሣሪያ ከማዘዛችሁ በፊት ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ አስገቡ። መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። "ችግር የለውም" የሚል የቃል መልስ ይዞ ገንዘብ የሚልክ ሰው ገንዘቡንም ዕቃውንም ሊያጣ ይችላል።

ሁላችንም የምንመኘው፦ በእንቅስቃሴ ላይ የሚተኮስ ሾትገን

ይህን ስፖርት በዓለም ደረጃ የሚመራው በምህጻሩ አይፒኤስሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት፣ ኮሎምቢያ ከተማ ተመሠረተ። የሾትገን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2012 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ፣ ደብረጼን ላይ ተደረገ።

አንድ ቦታ ቆሞ መተኮስ የለም። ተወዳዳሪው ይሮጣል፣ ከግድግዳ ጀርባ ይወጣል፣ የቆሙ ብረቶችን ይጥላል፣ ጥይቱ ሲያልቅ እየተራመደ ያጎርሳል። ዳኛው ከኋላው እግር በእግር ይከተለዋል። "አጉርስ፣ ተዘጋጅ" ይለዋል። "ተዘጋጅተሃል?" ይለዋል። "ጠብቅ።" ከዚያ የሰዓቱ ጢጥ ይሰማል።

ውጤቱ የሚሰላው ነጥብን ለሰከንድ በማካፈል ነው። አንድ የወደቀ ብረት 5 ነጥብ ነው። ሳይወድቅ የቀረ ብረት ነጥቡን ማሳጣት ብቻ ሳይሆን 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ለምሳሌ 12 ብረት አለ እንበል። አንዷ ተረጋግታ ሁሉንም በ20 ሰከንድ ጣለች። 60 ነጥብ ለ20 ሲካፈል 3 ይሆናል። ሌላው ተጣድፎ በ15 ሰከንድ ጨረሰ፣ ግን አንድ ብረት ሳተ። ከ11 ብረት 55 ነጥብ አገኘ፣ 10 ሲቀነስ 45 ቀረው። ለ15 ሲካፈል ይኸው 3 ነው። አምስት ሙሉ ሰከንድ የቀደመው ሰው እኩል ወጣ። እኔን በዚህ ስፖርት ፍቅር የጣለኝ ይህ ስሌት ነው።

አሁን ወደ ወጪው። የውድድሩ ሕግ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ምድቦችን፣ ማለትም ተወዳዳሪው በየተራ የሚተኩስባቸውን ዙሮች፣ ይለያል። የሾትገን አጭር ምድብ ከ8 ጥይት፣ መካከለኛው ከ16፣ ረጅሙ ከ28 በላይ መጠየቅ የለበትም። ሦስት አጭር፣ ሁለት መካከለኛና አንድ ረጅም ያለው ትንሽ ውድድር ብናዘጋጅ፣ ምንም ሳትስቱ ለአንድ ሰው እስከ 84 ጥይት ያስፈልጋል። ልምምዱ ገና አልተቆጠረም። አሥራ አምስት ሰው ብንሆንስ?

ቦታው ከዚህ ይብሳል። ጥቃቅን እርሳስ የሚበትነው የወፍ ጥይት እንኳ ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ባዶ መሬት ከፊት ይፈልጋል። አንድ ወጥ እርሳስ ያለው ጥይት ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ከፊት አፈር የተከመረበት ከፍ ያለ ግድብ የግድ ነው። ጃን ሜዳን፣ ስታዲየሙን፣ የምታውቁትን ሜዳ ሁሉ በዓይነ ኅሊናችሁ ዙሩ። መሃል ከተማ ይህን የሚሸከም ቦታ የለም።

ከቦታውም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ለሥራ ውጭ አገር በቆየሁበት ጊዜ አንድ ክለብ በእንግድነት ተቀብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ምድብ ላይ ከቀበቶዬ አራት ጥይት በአንድ እጅ መዥረጥ አድርጌ ማጉረስ ጀመርኩ። ሁለቱ ገቡ፣ ሁለቱ ጠጠሩ ላይ ወደቁ። ላነሳ ጎንበስ ስል ሰውነቴ ዞረ። አፈሙዙም አብሮኝ ዞረ። "ቁም!" አለ ዳኛው። የዚያን ቀን ውድድሬ እዚያው አበቃ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አልሳቀም። አፈሙዙ ከተፈቀደው መስመር ካለፈ ከውድድር ትሰናበታለህ፣ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሕጉ ልክ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

አገር ቤት ስመለስ ይህን ለጎረቤታችን ለጋሼ ነገርኳቸው። የድሮ ወታደር ናቸው። "ልጄ፣ እኛን መጀመሪያ ያስተማሩን መተኮስ አይደለም፣ መያዝ ነው" አሉኝ።

ፈቃዱም ቦታውም የተሟላለት ሰው ካለ፣ የጠመንጃውን ምርጫ በአጭሩ ልንገረው። ለዚህ ውድድር ራሱን በራሱ የሚያቀባብለው ይፈጥናል። በእጅ የሚሳበው ፓምፕ ግን ለብቻው የሚወዳደርበት የራሱ ክፍል ስላለው ከፈጣኖቹ ጋር አይሻማም፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ለጀማሪ ፓምፑን እመርጣለሁ።

ሸክላ መምታት

ይህ ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ነው። ትራፕ በሚባለው ከ15 ሜትር ርቀት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሰሃን ትወነጨፋለች፣ ተኳሹ አየር ላይ ይሰብራታል። ስሟ ሸክላ ይሁን እንጂ የምትሠራው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ ከሚመስል ማጣበቂያ ነው። ስኪት የሚባለው ከሁለት ቤት በሚወጡ ሰሃኖች፣ ከ8 መቆሚያዎች ይተኮሳል። ሁለቱም በዙር 25 ሰሃን ነው። ለዚህ የሚስማማው ባለ ሁለት አፉ ጠመንጃ ነው። ተከፍቶ ክንድ ላይ ሲታጠፍ ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፣ ደህንነቱም እዚያ ላይ ነው።

ከሾትገን ሩጫው ጋር ሲነጻጸር ለመዳኘት ይቀላል። ሰው አይሮጥም፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይተኩሳል። ግን የመሬት ጥያቄው ያው ነው፣ ወንጫፊ ማሽንም ይጨመርበታል። እርሳሱንም አስቡት። አንድ ጥይት እስከ 24 ግራም እርሳስ ይይዛል። የኦሎምፒክ ማጣሪያ 125 ሰሃን ነው። ይህ ማለት በሰሃን አንዴ ብቻ ቢተኮስ እንኳ አንድ ሰው በአንድ ማጣሪያ እስከ 3 ኪሎ እርሳስ መሬት ላይ ይበትናል ማለት ነው። ከብት የሚሰማራበት ወይም ጎመን የሚበቅልበት መሬት አጠገብ ይህን ማድረግ አልፈልግም።

የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ

እዚህ ጋ ነገሩ ይለወጣል። ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም አካባቢ። ሙሉ የኦሎምፒክ ማጣሪያ 60 ተኩስ ነው። ስለዚህ ሙሉ ውድድር 30 ግራም ገደማ እርሳስ ይጨርሳል፣ እሱም ማጠራቀሚያ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከትራፑ 3 ኪሎ ጋር አስተያዩት። የኢላማው መሃል፣ አሥሩ ነጥብ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በተቀረጸ የጽሕፈት እርሳስ ጫፍ የተነካች ነጥብ ታክላለች።

ቦታው አዳራሽ ነው። 15 ሜትር ርዝመት ያለው፣ መስኮትና በሩ ከኢላማው ጎን የማይከፈት ክፍል ይበቃል። ይህ ፒያሳም፣ አምባሳደር አካባቢም ይገኛል።

ለመግዛት ካሰባችሁ ሁለት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ትላልቆቹ የውድድር ጠመንጃዎች በታመቀ አየር ሲሊንደር ነው የሚሠሩት። ሲሊንደሩን ማን ይሞላላችኋል? መልስ ከሌላችሁ በስፕሪንግ የሚሠራውን፣ አፈሙዙ ተሰብሮ የሚጎርሰውን ግዙ። ትንሽ ይረግጣል፣ ግን ከማንም ደጅ አያስጠናችሁም። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮኒክ ኢላማ አትቸኩሉበት። መብራት ሲጠፋ ውድድሩም ይጠፋል። ወረቀት ምንጊዜም ይሠራል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሩጫ የለውም። ቆሞ መተንፈስና ቃታ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ለእንቅስቃሴው ብሎ የመጣ ሰው ሁለተኛ እሁድ ላይ ሊሰለቸው ይችላል።

ፕላስቲክ ተኳሹና ሌዘሩ

6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩሰው በዚያው በአይፒኤስሲ ሕግ ይወዳደሩበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተደርጎለታል። ሩጫው አለ፣ ዳኛው አለ፣ የአፈሙዝ ሕጉም አለ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳም ይበቃዋል። ነገር ግን ቁርጥ እውነተኛ መሣሪያ ይመስላል። ይህን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ይጥላል። ከአዳራሹ የማይወጣ፣ ተቆልፎ የሚያድር ከሆነ ብቻ እደግፋለሁ።

ሌዘር የዘመናዊ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርቶችን የሚያጣምር ውድድር) ስፖርተኞች በኦሎምፒክ ከ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ምንም አይወነጭፍም። ልጆች ላሉበት ክለብ ከዚህ የተሻለ የለም።

እኔ የምገዛው

አራት በስፕሪንግ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ፣ ወፍራም የወረቀት ኢላማ፣ ለሁሉም ሰው የዓይን መከላከያ፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥን። ከእነዚህ ጋር አንድ የተኩስ ሰዓት። ሰዓቱ የተኩሱን ድምፅ በማይክሮፎን ሰምቶ ነው የሚቆጥረው፤ ስለዚህ የመስማት ኃይሉ የሚስተካከለውን ምረጡ፣ አለዚያ የአየር ጠመንጃን አይሰማም። የጆሮ መከላከያ ለጊዜው ይቆይ። ሾትገን ላይ ስትደርሱ ግን ርካሹን አትግዙ። ድምፁ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፣ ያ ደግሞ በአንድ ተኩስ ጆሮ ይጎዳል።

ስድስት ወር በዚህ እንሥራ። ከእያንዳንዱ እሁድ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ባልጎረሰ የአየር ጠመንጃ የሾትገኑን ትእዛዝ፣ አካሄድና የአፈሙዝ አያያዝ እንለማመድ። አንድም ሰው አፈሙዙን ሳያዞር ስድስት ወር ከቆየን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቦታና ፈቃድ ለመጠየቅ የምናሳየው ነገር ይኖረናል።

ስለዚህ "እመጣለሁ" ላላችሁኝ ሁሉ ጥያቄዬን አሻሽያለሁ። በወር ሁለት እሁድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትገኛላችሁ? ስድስት ወር ሙሉ ሾትገን ሳትነኩ ትቆያላችሁ? ከመካከላችሁ ሳይተኩስ ዳኛ ሆኖ ለመቆም ፈቃደኛ የሚሆን አለ? አሥራ ሁለት ሰው ሦስቱንም "አዎ" ካለኝ፣ አዳራሽ ፍለጋውን በማግስቱ እጀምራለሁ።