ቤዝጌለርት ላይ ዝናብ ከያዛችሁ ባቡሩን ያዙ፤ ለሠራተኞቹና ለበጎ ፈቃደኞቹ ምስጋና

በቤዝጌለርት የሚያልፈው የዌልሽ ሃይላንድ እና ከእሱ ጋር የሚገናኘው የፌስቲኒዮግ ባቡር ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች፣ እጃችሁ ይባረክ! በሰሜን ዌልስ ተራሮች መሃል ቤዝጌለርት መንደር ለዕረፍት የሄደ ቤተሰብ፣ ሰማዩ ሲደፋበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዳይውል ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።

አካባቢው ከብሪታንያ እጅግ ዝናባማ ቦታዎች አንዱ ነው። ከዌልስ ከፍተኛው ተራራ ከስኖውደን ጫፍ አጠገብ ያለው ክሪብ ጎኽ የተባለው ሸንተረር በዓመት ከ4,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ከማንቸስተር፣ ከሊቨርፑል ወይም ከበርሚንግሃም ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ወገኖች፣ ለዝናብ ቀን የሚሆን ዕቅድ ሳትይዙ አትነሡ።

ትኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ። ዶፍ በወረደ ቀን ተራራ ሊወጣ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ባቡሩ ስለሚዞር ወንበር ቶሎ ያልቃል። የልጅ ጋሪ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ካላችሁ ያኔውኑ ተናገሩ፤ ቦታው የሚያዘው በቅድሚያ ነው። ዋናው የጉዞ ወቅት ከጸደይ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሲሆን በብርዱ ወራት ባቡሩ የማይሄድባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ጣቢያው ከመንደሩ መሃል ትንሽ ዳገት ያስወጣል። ውሃ የማያስገባ ጃኬት ለብሳችሁ ሂዱ፤ ጃንጥላ በዚያ ነፋስ ብዙም አያስጥልም።

ከቤዝጌለርት ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ፖርትማዶግ ስትወርዱ በጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ተቀመጡ። የአበርግላስሊን ሸለቆ ላይ ወንዙ በዚያ በኩል ነው፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ሞልቶ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። ይህን ለማየት ከጠራ ቀን ይልቅ ዝናብ ይሻላል ብንል አላጋነንንም። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ፉርጎውን ሲሞላው መስታወቱ በትንፋሽ ይሸፈናልና መወልወያ ጨርቅ ያዙ፤ መስኮቱንም ከላይ በጥቂቱ ክፈቱት። ዋሻዎቹ ጋ ስትደርሱ ግን ዝጉት፤ አለበለዚያ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሐዲዱ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሜትር ከነበረው ከድሮው የለገሃር ሐዲድ በጣም ይጠባል። በዚህ ላይ የሚጎትቱት ጋራት የሚባሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በደቡብ አፍሪካ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ የተወሰኑትም የማንቸስተሩ የባየር ፒኮክ ፋብሪካ ሥራ ናቸው። ውሃ የሚፈላበት ቦይለር መሃል ላይ ሆኖ መንኮራኩሮቹ በፊትና በኋላ ለሁለት ስለተከፈሉ ጠባቡን መታጠፊያ ያለ ችግር ይዞራሉ።

በተቃራኒው አቅጣጫ ከቤዝጌለርት ወደ ሪድ ዚ መንደር የሚወጣው መንገድ ደግሞ በየ40 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ሐዲዱ ሲረጥብ፣ በተለይ የረገፈ ቅጠል ሲወድቅበት፣ መንኮራኩሩ ሳይጎትት ባዶውን ሊሽከረከር ይችላል። ቀስ ብሎ ሲመታ የነበረው የእንፋሎት ድምፅ በድንገት ሲጣደፍ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ነጂው እንፋሎቱን ይቀንሳል፣ በመንኮራኩሩ ፊት ሐዲዱ ላይ አሸዋ ያፈሳል፣ ከዚያ እንደገና ቀስ ብሎ ያስነሳል። ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸውና አይደንግጡ። እንዲህ ባለ ቀን ከሰል እያጎረሰ፣ ላቡና ዝናቡ ተቀላቅሎበት የሚሠራውን ሰው ስትወርዱ ሳታመሰግኑ አትለፉ።

የዌልሽ ሃይላንድ መስመር እ.ኤ.አ. በ1937 ተዘግቶ፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ነበር፤ እስከ ፖርትማዶግ ድረስ እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። የፌስቲኒዮጉ ሥራ ይበልጥ ያስገርማል። የድሮው ሐዲድ ለኃይል ማመንጫ በተሠራ ግድብ ሲዋጥ፣ በጎ ፈቃደኞች ከ1965 እስከ 1978 ድረስ ድንጋይ እየፈለጡ በሌላ በኩል አዲስ መንገድ አወጡ፤ ባቡሩም በ1982 የመስመሩ መጨረሻ ወደ ሆነችው የማዕድን ከተማ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ተመልሶ ገባ። ዛሬም በየጣቢያውና በየፉርጎው የምታገኟቸው ብዙዎቹ ያለ ደሞዝ የሚያገለግሉ ናቸውና ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሁለቱ መስመሮች ፖርትማዶግ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ ብላይናይ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። መስመሩ በ1836 ሲከፈት ስሌት የተባለውን የጣሪያ ድንጋይ የጫነው ባቡር ያለ ሞተር በቁልቁለቱ እየተንደረደረ ይወርድ ነበር። ባዶውን ወደ ላይ የሚጎትቱት ፈረሶች ሲወርዱ በራሳቸው ፉርጎ ተጭነው ነበር የሚመጡት።

ብላይናይ ከደረሳችሁ የሌኽዌዝን የድንጋይ ማዕድን ጎብኙ። ከጣቢያው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ በዝናብ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ይሻላል። ትኬት ስትቆርጡ በአስጎብኚ የሚደረገውን የጥልቁን ማዕድን ጉብኝት ምረጡ፤ እዚያው ያሉት የገመድና የዝላይ ጨዋታዎች ትኬታቸው ለብቻ ነው። በገመድ የሚጎተት ባቡር በቀጥ ያለ ቁልቁለት ያወርዳችኋል፣ የራስ ቁር ይሰጣችኋል። ውስጡ በጋም ክረምትም ቀዝቃዛ ስለሆነ ሹራብ ያዙ፣ የሚያንሸራትት ጫማም አታድርጉ። ሠራተኛው ሰንሰለት ጭኑ ላይ ጠምጥሞ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በራሱ ገንዘብ በገዛው ሻማ ብርሃን እንዴት ድንጋዩን ይቦረቡር እንደነበር አስጎብኚዎቹ ቦታው ላይ አቁመው ያስረዳሉ። ለእነሱም ምስጋናችን ይድረስ።

በጾም ቀን ካፌ ስትገቡ «ቪጋን» ብላችሁ ጠይቁ። የዌልስ ኬክ ቅቤ አለው፤ ባራ ብሪዝ የተባለው የዘቢብ ዳቦም አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ይገባበታል።

ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቀን ለማድረግ ካሰባችሁ ከሁሉ በፊት የመመለሻውን ሰዓት አረጋግጡ፤ ከብላይናይ ስትመለሱ ወደ ቤዝጌለርት የሚሄደው የመጨረሻ ባቡር ሊያመልጣችሁ ይችላል። ካመለጣችሁ የሸርፓ አውቶቡስ አለ፤ የእሱንም ሰዓት ጠዋት ላይ ስልካችሁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ተራሮቹ መሃል ኔትዎርክ ይጠፋል።