የሰው ስኳር መለኪያ ለድመት ይሆናል? በድሬ ሙቀት የሞከርኩት

ድመቴ ስኳር አለበት። ስሙ ቦምቦሊኖ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከበሽታው በፊት ነው፣ ሰፈሩ ስቆ ስለጨረሰ እናንተ አትድከሙ።

መለኪያውን የገዛሁት ከዚራ ካለ ፋርማሲ ነው። ተራ የሰው ግሉኮሜትር። ልጅቷ "ለማን ነው?" ስትለኝ "ለድመት" አልኳት፣ "አቦ አትቀልጂ!" አለችኝ። ለእንስሳት ብቻ የተሠራ መለኪያ ውጭ አገር አለ፣ እኔ ግን እዚህ ጠይቄ አላገኘሁም። ታዲያ የእናቶቻችን መለኪያ ለድመት ይሠራል ወይ? ይሠራል። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትመኑት።

ምክንያቱ ደሙ ነው። በሰው ደም ውስጥ ያለው ስኳር በፈሳሹና በቀይ የደም ሴሉ መሀል ይከፋፈላል። በድመት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ፈሳሹ ውስጥ ነው ያለው። መለኪያው የተሰላው በሰው ሂሳብ ስለሆነ የድመቱን ስኳር ብዙ ጊዜ አሳንሶ ያሳያል፣ እናንተም "ኧረ ደህና ነው" ብላችሁ ትዘናጋላችሁ። ጤነኛ ድመት ላቦራቶሪ ሲታይ ስኳሩ ከ70 እስከ 150 ገደማ ነው (በሚሊግራም በዴሲሊትር)። በዚያ ላይ ድመት ሲደነግጥ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ክሊኒክ ወስዳችሁ ያስለካችሁት ቁጥር ላያስተማምን የሚችለውም ለዚህ ነው። ቤት መለካት የሚሻለው እዚህ ጋ ነው። እኔ ቁጥሩን ጽፌ ለሐኪሙ አሳያለሁ እንጂ በአንድ ልኬት ተነስቼ መድኃኒት አልጨምርም፣ አልቀንስም። ከ60 በታች ካሳየ ግን "አሳንሶ ነው ያነበበው" ብሎ መቀመጥ የለም። ምግብ ማቅረብ፣ ከደከመና ከተንገዳገደ ድዱን ማር መቀባት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ደሙ የሚወሰደው ከጆሮው ጠርዝ ነው፣ እዚያ ቀጭን ደም ስር አለች። ፈረንጆቹ "መጀመሪያ ጆሮውን በሞቀ ጨርቅ አሙቁት" ይላሉ። ድሬ፣ ግንቦት ላይ! ይሄን ምክር ዝለሉት። ከመለኪያው ጋር የሚመጣውን መውጊያ እስክሪብቶም እርሱት፣ ቷ ሲል ድመቱ አልጋ ስር ነው የሚገባው። መርፌዋን ብቻ በእጅ ይዞ፣ ከጆሮው ጀርባ ጥጥ አድርጎ ጠቅ ማድረግ ይበቃል። ቦምቦሊኖ አሁን የተቀቀለ ዶሮውን እያሰበ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስኳር ታካሚ የሆኑት ጎረቤታችን አይተው "እኔን እንዲህ ተለማምጦ የለካኝ የለም" አሉ።

የዕቃው ትልቁ ችግር ሙቀት ነው። የስትሪፑ፣ ማለትም ደሙ የሚነካባት መለኪያው ውስጥ የምትገባው ቀጭን ወረቀት፣ ካርቶን ላይ "ከ30 ዲግሪ በላይ አታስቀምጡ" ይላል፣ የኛ ሳሎን በበጋ ከዚያ ያልፋል። መለኪያው ራሱ ሲብስበት የቴርሞሜትር ምልክት አውጥቶ "አልለካም" ይላል። ስለዚህ በጠዋት፣ አየሩ ሳይጋል መለካት ይሻላል። የስትሪፑ ክዳን ደግሞ ሁሌ ጥርቅም ይበል፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ለተከፈተው ኢንሱሊን (ስኳሩን ለሚያወርደው መርፌ) ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጌ መሀሉ ላይ ትንሽ ሸክላ አስቀምጫለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ያ ሸክላ ነው የሚያድነኝ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ለእሱ ፍሪጅ ግድ ነው፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም፣ በረዶ ከሠራ አለቀለት።

ስሪንጁንም ሳልናገር አላልፍም። እዚህ የምናገኘው የሰው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፣ ለእንስሳት የተሠሩት አንዳንዶቹ 40 ናቸው። ስሪንጁ ከኢንሱሊኑ ጋር ካልተመሳሰለ መጠኑ በሁለት እጥፍ ተኩል ይዛባል። ለድመት የሚጀመረው ብዙ ጊዜ በ1 ዩኒት አካባቢ፣ ጠዋትና ማታ ስለሆነ፣ ትንሽ ስህተት ትንሽ አይደለችም። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ቅርባችን ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ሰው አጣሁ የምትሉ ከዚያ ጠይቁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የሚያከስረው መለኪያው ሳይሆን ስትሪፑ ነው። እያንዳንዱ መለኪያ የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው የሚቀበለው። መጀመሪያ ፋርማሲዎቹን ዙሩ፣ ስትሪፑ በብዛት ያለበትን አይታችሁ ከዚያ መለኪያውን ግዙ። ቀኑን አንብቡ፣ እኔን አንድ ቦታ ጊዜው ያለፈበት ሊሰጡኝ ነበር። ከውጭ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ አሃዱን እዩ፤ "5.5" ካለ በሚሊሞል ነው፣ በ18 አባዙት፣ ወደ 100 ይመጣል።