ለባሕር ዳር ጀማሪ ተከራካሪዎች የትኛው ስልት ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ የተማሪዎች የክርክር ክበብ የሚያቋቁም መምህር በቅድሚያ የሚወስነው የክርክሩን ስልት ነው። በብሪታንያ ፓርላማ ስልት እያንዳንዳቸው ሁለት ተናጋሪ ያላቸው አራት ቡድኖች፣ ሁለቱ ደጋፊ ሁለቱ ተቃዋሚ ሆነው፣ በአንድ መድረክ ይገናኛሉ። ርዕሱ የሚነገራቸው ክርክሩ ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ የእያንዳንዱ ተናጋሪ ንግግርም አብዛኛውን ጊዜ 7 ደቂቃ ነው። በዓለም ትምህርት ቤቶች ስልት ግን ሁለት ቡድኖች ብቻ ይጋጠማሉ፤ ከየቡድኑ ሦስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 8 ደቂቃ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ከየወገኑ አንድ ተናጋሪ በ4 ደቂቃ ክርክሩን ይገመግማል። ከርዕሶቹ ከፊሉ አስቀድሞ ይሰጣል፤ ለድንገተኞቹ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ይፈቀዳል።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ ዋናው ምክንያቴም የዝግጅት ጊዜው ነው። «የጣናን እምቦጭ ለማስወገድ ከማሽን ይልቅ የእጅ ነቀላ ይቅደም» የሚል ርዕስ ቀድሞ የደረሰው ተማሪ የሐይቁን ዳር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ሄዶ ይጠይቃል። የአረሙ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይም ያነባል። ያኔ «ነቅለን እንጨርሰዋለን» ለሚለው ወገን ጠንካራ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። በ15 ደቂቃ ግን የሚሠራው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ መጽሐፍና ኢንተርኔት እንደ ልብ ለሚያገኘው ያደላል።

የብሪታንያው ስልት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ከአንድ ወገን ሁለተኛ ሆኖ የሚቀርበው ቡድን የመጀመሪያውን ሳይቃረን አዲስ ነጥብ ማምጣት አለበት፤ ይህ በጥሞና ማዳመጥን ያስተምራል። ክበቡ ከጠነከረ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።