ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኋቸው የስፌት መኪና ጠጋኝ

አሮጌ ስፌት መኪና የመሰብሰብ አመል አለብኝ፣ ቤት ውስጥ አራት ደርሰዋል፣ ባለቤቴ አምስተኛው ከገባ እኔ እወጣለሁ ብላለች። ይቺኛዋ ግን የአባቴ ናት፣ መሀል ሜዳ ከተማ በረንዳ ላይ ካኪ ቁምጣና ኮት ሲሰፋባት የኖረች ሲንጀር፣ እሱ ካረፈ በኋላ ጓዳ ከበርበሬ ጆንያ ጀርባ ተረስታ አስር አመት ቆየች። ሳወጣት መዞሪያዋ ንቅንቅ አይልም።

ለማንም ልሰጣት ፈርቼ ነበር ምክንያቱም ከዚህ በፊት አንድ ጠጋኝ ሌላ መኪናዬን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ስፕሬይ ቀብቶ አዲስ አደረግኩልህ ብሎኛል፣ የወርቅማው ስዕል ድራሹ ጠፋ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ያሉት ጠጋኝ አባባ ግን ካቻቪቴ ሳያነሱ መለያ ቁጥሯን አዩ። ከቁጥሩ ፊት ያለው ፊደል ሁለት ሆኖ በኢ ከጀመረ ስኮትላንድ ክላይድባንክ ነው የተሰራው፣ ሞዴሏ 15ኬ ሲባልም ኬዋ ኪልቦዊ (ፋብሪካው ያለበት ሰፈር) ማለት ናት፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል አሉኝ። ከዛ መዞሪያውን ነካ ነካ አድርገው "ልጄ ዝገት አይደለም፣ ዘይት ነው አንቆ የያዛት" አሉ። እውነት ነው፣ አባቴ የምግብ ዘይት ነበር የሚያጠጣት፣ ያ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ የኛ አገር ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ነጭ ጋዝ በየቀዳዳው ጠብ እያደረጉ ያሳድሩና ጠዋት መዞሪያውን በቀስታ ወዲህ ወዲያ ያደርጋሉ፣ በጉልበት የለም፣ በመዶሻ የለም። እንደተላቀቀች የስፌት መኪና ዘይት። ስዕሉን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው ያፀዱት፣ አልኮል ካስነኩት ይነሳል ብለው ተቆጡኝ (እኔ አልኮል ይዤ ነበር የሄድኩት 😅)።

ቅሬታም አለኝ። አንድ ሳምንት ብለው ሶስት ሳምንት ቆዩ፣ ስልክ አያነሱም፣ ደጋግሜ መመላለስ ነበረብኝ። የቦቢኑንም ቤት (የታችኛው ክር ጥቅል የሚገባበትን) ሳይጠይቁኝ በአዲስ ቀይረውት ስሰፋ ይንቀጫቀጫል፣ ይዣት ተመለስኩ። አሮጌውን በቆርቆሮ አስቀምጠውት ኖሮ አፅድተው መለሱት፣ ፀጥ አለ። ለምን ቀየሩት ስላቸው "ወጣት ሁሉ አዲስ ይወዳል" አሉኝ።

ክር ትዘላለች ብዬ ደግሞ ስጨቀጭቃቸው ለካ መርፌውን ገልብጬ ነው የከተትኩት፣ 15ኬ ላይ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ ነው፣ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ይገባል። ለዚች አላስከፈሉኝም።

ሁሉም ከነቺንጋው (መዞሪያውን ከሚያዞረው ቀበቶ ጋር) 2,800 ብር ወጣብኝ። ቺንጋው ቆዳ ስለሆነ ከወር በኋላ ይለጠጣል፣ ያኔ ጫፉን ቆርጠው እንዲያጠብቁላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ግን ጠዋት ሂዱ፣ ከሰአት በኋላ ሱቁ ዝግ ነው የሚገጥማችሁ።