በሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሠሩ አንዲት ጠበቃ የቀረበ ምስጋና፣ ኦቨርታይም (የትርፍ ሰዓት ክፍያ) ለተከለከላችሁም ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚሠሩ አንዲት ሐበሻ ጠበቃ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ሳልገልጽ ብቀር ራሴን እንደ ውለታ ቢስ ስለምቆጥር፣ ጽሑፉ ቢረዝምም እንድትታገሡኝ እጠይቃለሁ።

በአንድ ፓርኪንግ ከሁለት ዓመት በላይ በሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሳምንት 58 ሰዓት የሠራሁባቸው ጊዜያት ጥቂት አልነበሩም፤ ሆኖም ከ40 ሰዓት በላይ ያለው በመደበኛው ሒሳብ፣ ያውም በፖስታ ታሽጎ ነበር የሚሰጠኝ። በዚያ ላይ የምግብ ዕረፍት እየተባለ በየሌሊቱ 30 ደቂቃ ይቆረጥብኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያች የመስታወት ክፍል ወጥቼ በልቼ አላውቅም፤ በቀኝ እጄ እየጎረስሁ በግራዬ ትኬት እቀበል ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ የተንከራተትሁበትን ሳስብ ዛሬም ይመረኛል። ጉዳይ አስፈጽማለሁ የሚል አንድ ሰው ደብዳቤ ልጻፍልህ ብሎ 400 ዶላር ተቀበለኝ፤ ደብዳቤው እስካሁን አልተጻፈም። በሌላ ቢሮ ሦስት ጊዜ ደጅ ከጠናሁ በኋላ ያነጋገሩኝ ሰው፣ የሥራ ሰዓቴን የመዘገብሁበትን ደብተር ገለጥ አድርገው፣ በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ማስታወሻ ለምንም እንደማይረባ ነግረውኝ በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። ካልተከፈለኝ ገንዘብ ይልቅ ያ አገፋፍ አሞኛል።

እኒህ ጠበቃ ግን ያንኑ ደብተር ተቀብለው፣ እርሳስ አንሥተው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የማታውን 12 ሰዓት ወደ 6፣ የንጋቱንም እንዲሁ እየቀየሩ ከፔይ ስታቡ (አሠሪው ከሚሰጠው የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ጋር ሲያስተያዩ መስከረም 2016 ላይ ቀኖቹ በአንድ ቀን መዛነፍ ጀመሩ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ የቀረ መስሎኝ ደነገጥሁ። እርሳቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ ዘመኑ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆናለች፤ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው» አሉኝ። ከዚያም እስከ የካቲት ያለውን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ አቃኑት። ልጅ ሆነው ከአገር የወጡ ሰው ይህን ማወቃቸው፣ ይልቁንም ለእኔ ደብተር ብለው መድከማቸው፣ ዕንባዬን አመጣው።

የሕጉ አንቀጽ ሁሉ ገብቶኛል አልልም። እንደ አስረዱኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ አብዛኛው የሰዓት ተከፋይ ለትርፉ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ያልተላቀቁበት የምግብ ዕረፍትም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። አሠሪው ሰዓቱን በአግባቡ ሳይመዘግብ ሲቀር የሠራተኛው የራሱ ማስታወሻ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉና የስቴቱ ሕግ ሲለያዩ ለሠራተኛው የሚሻለው ይሠራል፤ ለምሳሌ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ሲቆም የሜሪላንዱ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ 15 ዶላር ነው። የሚረታ ሠራተኛ የጠበቃውን ክፍያ ከአሠሪው ማግኘት ስለሚችል፣ ከእኔ ኪስ አስቀድሞ አምስት ሳንቲም አልወጣም።

ጠበቃዬ ለአሠሪዬ የጻፉት ደብዳቤ በደረሰ በሳምንቱ የሥራ ቀኔ ከስድስት ወደ ሁለት ወረደ። ባልደረቦቼ «የእንጀራ ገመድህን በገዛ እጅህ በጠስህ» እያሉ ሲያዝኑልኝ፣ ጠበቃዬ መብቱን የጠየቀን ሠራተኛ መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን ገልጸው ሁለተኛ ደብዳቤ ላኩ፤ ቀኖቼም ተመለሱ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሳንደርስ በስምምነት ገንዘቤን ተቀብያለሁ። እመብርሃን ዕድሜና ጤና ትስጥልኝ!

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ በደል የደረሰባችሁ ሁሉ ወደ እርሳቸው ሂዱ። በፌዴራሉ ሕግ የመጠየቂያው ጊዜ 2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካጠፋ 3 ዓመት ነው፤ በሜሪላንድ ሕግም 3 ዓመት ስለሆነ ዛሬ ነገ አትበሉ። ጠበቃ መያዝ የማትፈልጉ የፌዴራሉን የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የጠበቃዬን ስም ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ በአደባባይ ማውጣት ስላልወደድሁ፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ስትሄዱ ፔይ ስታባችሁንና ደብተራችሁን ያዙ፤ በግዕዝ ቁጥር የጻፋችሁት ቢሆን እንኳ እርሳቸው አይገፉትም።