ለፈጣን መኪና የትኛው ጎማ? አዲስ የመንገድ ስፖርት ጎማና ያገለገለ የትራክ ጎማ በጅማ

ፈጣን መኪና የሚነዱ የጅማ ወዳጆቼ ክረምት ሲቃረብ የሚያነሡልኝ ጥያቄ ያው ነው፤ ለአዲስ የመንገድ ስፖርት ጎማ ሙሉ ዋጋ ከመክፈል ይልቅ ያገለገለ የትራክ ጎማ፣ ማለትም ለመኪና ውድድር ሜዳ የተሠራ ጎማ፣ በግማሽ ዋጋ ቢገዙ ምን ይጎዳቸዋል? ጥያቄው የበረታው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥርሳቸው ገና ብዙ የቀረ የሚመስል አራት የትራክ ጎማዎች ገዝቶ፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከአሰንዳቦ ወደ ጅማ ሲመለስ መኪናው አስፋልት ላይ በተኛ ውኃ ተንሳፍፎ መሪው አልታዘዝ ካለው ወዲህ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ጎማዎቹ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ተቀየሩ፤ የወጣባቸውም ገንዘብ አልተመለሰም። እኔ የማደላው ለአዲሱ የመንገድ ስፖርት ጎማ መሆኑን ከወዲሁ እናገራለሁ፤ ክርክሩን ግን ከዋጋው እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነውና።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የጎማ ዋጋ የሚነገረው በጠዋቱ ጥሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቁጥር የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው። አዲሱ ጎማ አንዱ 15,000 ብር፣ ያገለገለው የትራክ ጎማ አንዱ 7,000 ብር ነው እንበል። አራቱ 60,000 እና 28,000 ብር ይሆናሉ፤ ልዩነቱ 32,000 ብር ነውና ዓይን ይስባል። ነገር ግን አዲሱ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ያገለገለው 12,000 ላይ ቢያልቅ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የምትከፍሉት ለአዲሱ 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ላገለገለው ደግሞ 2 ብር ከ33 ሳንቲም ገደማ ነው። በዚያ ላይ የማስገጠሚያው፣ የባላንሱና የአላይመንቱ ክፍያ በአንድ ፈንታ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ሻጩ የነገራችሁን ዋጋ በዚሁ መንገድ በኪሎ ሜትር ሳታካፍሉ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አታስገቡ።

የትራክ ጎማ ቶሎ የሚያልቀው በጥራት ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ስለሆነ ነው። ጎማው ጎን ላይ የሚታተም የጥርስ ዕድሜ ቁጥር አለ፤ 300 የተጻፈበት ጎማ በመደበኛው ፈተና 100 ከተሰጠው መነሻ ጎማ ሦስት እጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ለምሳሌ የሚሸሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ፣ ማለትም የመንገድ ስፖርት ጎማው፣ 300 ሲሆን፣ ለትራክ ያደላው ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 እንደ ልኩ 180 ወይም 240 ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ በመሆኑ የአንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር ለማወዳደር በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ የአንድ አምራች ሁለት ጎማዎችን ለማነጻጸር ግን በቂ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀት ነው። የትራክ ጎማ በሚገባ የሚይዘው በኃይለኛ ፍሬንና በተደጋጋሚ ጥምዝ ከጋለ በኋላ ነው፤ ከጅሬን ወደ ፈረንጅ አራዳ በጠዋት ብርድ የሚወርድ ሰው ያንን ሙቀት አያገኘውም። በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ባለቤት የሸጠው ጥርሱ ስላለቀ ሳይሆን መያዝ ስላቆመ ሊሆን ይችላል። ባልደረባዬን ያታለለው ይኸው ነው፤ ብዙ የቀረ ጥርስ አይቶ ገዛ፤ የደረቀውን ላስቲክ ግን በዓይን ማየት አይቻልም። በጥፍራችሁ ጥርሱን ስትጫኑ እንደ ጠረጴዛ ከጠጠረባችሁ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሂዱ።

ዝናቡንም አስቡ። ጅማ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መስከረም ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ የትራክ ጎማ ደግሞ ውኃ የሚያስወጣበት ቦይ ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ነው። ሻጮች «እርጥብ አስፋልት ላይ ይይዛል» የሚሉት ጎኑ ላይ ያለውን የመያዝ ደረጃ፣ ማለትም ከኤኤ እስከ ሲ ያለውን ፊደል እያሳዩ ነው። ፊደሉ ግን የሚለካው በረጠበ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲፈረን ብቻ ነው፤ በተኛ ውኃ ላይ መንሳፈፍንም ሆነ ጥምዝ ላይ መያዝን አይለካም።

ስፖርት መሳይ ስለሆነው ሦስተኛው አማራጭ ረጅም መናገር አያስፈልግም፤ ደረቅ ላስቲክ ላይ የቀስት ቅርጽ ጥርስ ተቀርጾበት፣ ከታወቀ አምራች ስም በአንድ ፊደል የሚለይ ስም ተጽፎበት የሚሸጥ ጎማ ነው። ከእሱ የሚከፋው ጥርሱ አልቆ በጋለ ቢላ እንደገና የተቆፈረና ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ነው። ይህን ለማወቅ በቦዮቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ፈልጉ፤ ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከላዩ ጋር እኩል እንዲሆኑ የተሠሩ ናቸው፤ ቢላ ያረፈበት ጎማ ላይ ጉብታዎቹ ጠፍተዋል ወይም ተቆርጠዋል።

የተሠራበት ቀን ላይ ደግሞ አገር በቀል የሆነ ማታለያ አለ። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ተከታትሎ የሚመጣው ኮድ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት ነው። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና 3517 የታተመበትን ጎማ «የ2017 ነው፣ ገና አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2009 ገደማ የተሠራ ጎማ እያስታቀፋችሁ ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ ወደ ውስጥ ዞሮ የተገጠመ ከሆነ ጎማው እንዲዞርላችሁ ጠይቁ። እኔ ሳይነካ የተቀመጠም ቢሆን፣ ከተሠራ ሁለት ዓመት ያለፈውን በአዲስ ዋጋ አልገዛም።

ጥገናውንም ወደ ዋጋው ደምሩት። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ የከተማችንን ጉድጓዶችና የኮብልስቶን ጠርዞች አይችልም፤ ጎኑ ላይ እብጠት ካወጣ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷልና አይጠገንም። ጎሚስታው ከመነዳሪ አስገብቶ ሊሸኛችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ከመነዳሪው አየሩን ይይዝ እንደሆነ እንጂ የተበጠሰውን ክር አይተካም፤ በውስጡም እየተፋተገ ይግላል። እንዲህ ያለውን ጎማ ይዞ ወደ ግቤ ሸለቆ ሙቀት መውረድን አልመክርም። ምስማር የወጋው መሐል ጥርሱ ላይ ከሆነና ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ከውስጥ በሚለጠፍ ማሸጊያ እንዲጠገን አድርጉ፤ ከውጭ የሚሰካው ገመድ እስከ ቀጣዩ ከተማ የሚያደርስ ብቻ ነው። የመንገድ ስፖርት ጎማን አሁንም የምመርጠው ጎኑ ትንሽ ከፍ ያለ ልክ ስለሚገኝለትና ጎሚስታዎቹም ስለለመዱት ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፈጣን መኪና የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ይገዛል። ባትሪው ከባድ፣ ጉልበቱም ከመነሻው ሙሉ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ጎማው የሚሸከመውን ክብደት የሚያሳየውን ቁጥር ዝቅ አድርጋችሁ አትግዙ። 91 የተጻፈበት ጎማ 615 ኪሎ ግራም፣ 95 የተጻፈበት 690 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ መኪናው 95 ከጠየቀ በ91 መተካት ማትረፍ አይደለም። የፍጥነት ፊደሉም፣ ለምሳሌ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ስለሚያሳይ፣ መቼም በዚያ ፍጥነት ባትነዱም ከፋብሪካው ፊደል በታች አትውረዱ።

የትራክ ጎማ ዋጋውን የሚያወጣለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ በተዘጋ ሜዳ በመደበኛነት የሚለማመድ፣ ሁለተኛ ሙሉ ቸርኬ ያለውና ጎማውን እዚያው አስቀይሮ በመንገድ ጎማ የሚመለስ። እሱም ቢሆን አዲስ ይግዛ። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሞክር ሰው የመንገድ ስፖርት ጎማው ይበቃዋል፤ ጎማው ሲግል ንፋሱ ስለሚጨምር ከልምምድ መልስ ሲቀዘቅዝ እንደገና ማስለካት አለበት።

ገንዘባችሁ ለሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ከደረሰ፣ መኪናው በፊት እግሩ የሚጎተት ቢሆንም እንኳ፣ ሁለቱን አዲሶች ከኋላ አስገጥሙ። በእርጥብ ጥምዝ ላይ የፊቱ ሲንሸራተት ነጂው ነዳጁን በመልቀቅ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል፤ የኋላው ሲያመልጥ ግን መኪናው ይዞራል፤ ያንን ደግሞ ልምድ ያለው ነጂም አዘውትሮ አያድነውም።